የነቀዝ እርሾ

የእህል ክፍሉ በር ሶስናን አላስገባም አለ።

«ወይዘሮ ሶስና፣ ዛሬ ይሸታሉ» አለ በሩ፣ ሁልጊዜ በሚናገርበት ለስላሳ የሴት ድምፅ። «እባክዎ ፀጉርዎን በውሃ ብቻ ታጥበው ይመለሱ።»

«የራስ ቅባት እኮ ነው!» አለች ሶስና በሩን በመዳፏ እየመታች። «የራስ ቅባት ዘበኛን ምን ያደርጋታል?»

ከኋላዋ ተራውን የሚጠብቀው ኑርልኝ መልሱን ያውቅ ነበር። ዘበኛ ሰዎች ነቀዝ ለምታድን ደቃቅ ተርብ ያወጡላት ስም ነው። ርዝመቷ ሁለት ሚሊ ሜትር ነው፤ ሰው አትነድፍም፤ በድፍን ፍሬ ውስጥ የተኛውን የነቀዝ እጭ ከውጭ ሆና የምታገኘው በጠረኑ ነው። ክፍሉ ቅባት ወይም ሽቶ ከሸተተ ግን ፍሬ ለፍሬ ስትንከራተት ውላ ምንም ሳታገኝ ትሞታለች። ይህን ለሶስና በወር አንድ ጊዜ ያህል ይነግራታል። ዛሬ አልነገራትም። እሷም እያጉረመረመች ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ በሩም ለኑርልኝ ተከፈተ።

ቀኑ መጋቢት አራት፣ 2074 ዓ.ም. ነበር። ቦታው ኮምቦልቻ፣ ሕንፃ አሥራ አራት፣ አራተኛ ፎቅ። በክፍሉ ውስጥ አሥራ ሁለት ጎታዎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ለእያንዳንዱ አባወራ አንድ። ከጭቃ የተሠራ ጎታ ያየ ሰው በሕንፃው ውስጥ ጥቂት ነው። የአሁኖቹ ከወገብ የሚደርሱ ሆነው ውስጣቸውን ወለል አድርገው ያሳያሉ፤ የጎረቤት እህል ምን እንደሚመስል ሁሉም ያያል። ከጎታ ወደ ጎታ ደቃቅ የወንፊት መስኮት አለ። ዘበኛ ታልፍበታለች፤ ነቀዝ አያልፍበትም። ቀጫጫ ነቀዝ ግን አንዳንዴ ያልፋል።

ኑርልኝ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ለአሥራ ሰባት ዓመት እህል አንብቧል። በደረቱ ላይ የተሰፋው ጨርቅ «ባለሙያ» ይላል። ሥራው እንዲህ ነው፦ በመቅጃ ዘንጉ ከጎታው ከላይ፣ ከመሃልና ከታች መቶ ፍሬ ያወጣል። በነጭ ሳህን ላይ አሥር በአሥር ይደረድራል። የተበሱትን በወረንጦ ለይቶ አንድ በአንድ በማጉያ ያያል። ዳሩ የተቦጫጨቀ ሰፊ ቀዳዳ ከሆነ የወጣው ነቀዝ ነው። በመርፌ የተወጋ የመሰለ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ከሆነ የወጣችው ዘበኛ ናት። ከክቡ የተቦጫጨቀው ከበለጠ ጎታው ነቀዙ በሙቀት እንዲሞት ወደ ምድጃ ይሄዳል። ክቡ ከበለጠ ይቆያል።

ምንም ቀዳዳ ካልተገኘስ? ያ ጎታ «የተራበ» ይባላል። ነቀዝ ከሌለ ዘበኛ የምትበላው የላትም፤ ዘበኛ ካለቀች ደግሞ በማግስቱ የሚመጣው ነቀዝ ባዶ ቤት ያገኛል። ስለዚህ አንባቢው ከቦርሳው አንዲት የወረቀት ከረጢት አውጥቶ ሠላሳ ፍሬ እላዩ ላይ ይበትንበታል። ግማሹ ነቀዝ፣ ግማሹ ዘበኛ ያለበት ነው። እርሾ ይሉታል። የእህል መርዝ ነቀዝን መግደል ካቆመ በኋላ የተወለዱ ሰዎች በዚህ አይገረሙም።

ስምንቱን ጎታዎች አንብቦ ሲጨርስ ዘጠነኛው ፊት ቆመ። የእትዬ ሐዋ ሙሔ ጎታ ነው። ይህ ጎታ ለስምንት ወር አንድም ቀዳዳ አልታየበትም። ኑርልኝ በየወሩ እርሾ ይጨምርበታል፤ በየወሩ ሲመለስ ባዶ ያገኘዋል። በስምንተኛው ወር «ዘበኞቹ ትጉ ናቸው» ብሎ ጻፈ። የሚሠራበት የእህል ጥበቃ ጣቢያ ጽሑፉን አስባዝቶ ለአርአያነት በየአሳንሰሩ ለጠፈው።

ዛሬ በጎታው ግድግዳ ላይ ነቀዞች ሲወጡና ሲወርዱ ይታያሉ። ከሥር ነጭ ዱቄት ተከምሯል።

መቶ ፍሬ አወጣ። የተበሱት አሥራ አንድ ሆኑ፤ ሰባቱ የተቦጫጨቁ፣ አራቱ ክብ። ሳህኑን አዙሮ ከሌላው ጫፍ ጀምሮ እንደገና ቆጠረ። ያው ነው።

«ስንት ሆነ?» አለ ከኋላው ድምፅ።

እትዬ ሐዋ ናቸው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ጥቁር መነጽር አድርገዋል። ከአርባ ቀን በፊት የሁለቱም ዓይኖቻቸው ሞራ ተገፎላቸዋል።

«አሥራ አንድ፣ እትዬ ሐዋ።»

«ከመቶ?»

«ከመቶ።»

የሻሻቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው አስጠጉ። «ሐኪሙ ነው የጨረሰኝ» አሉ። «አርባ ቀን እንዳትጎነበሺ አለኝ።»

«መጎንበስና ነቀዝ ምን አገናኛቸው?»

«ለመልቀም ነዋ!»

ኑርልኝ ወረንጦውን አስቀመጠ።

«በየወሩ የምትበትንብኝን ያንን ጉድ» አሉ እትዬ ሐዋ፣ «አንዷንም አሳድሬያት አላውቅም። አንተ ወጥተህ አሳንሰሩ ምድር ሳይደርስ በሰፌድ አወጣና እለቅመዋለሁ። ከዚያ በመስኮት ለእርግብ።»

«ሠላሳውንም?»

«አንዴ ሃያ ዘጠኝ ሆነብኝና እስከ ምሳ ስፈልጋት ዋልኩ።»

«ያልተበሳውን በምን ለዩት? እንኳን በዓይን በማጉያም ያስቸግራል።»

«በጥፍሬ። ነቀዝ እንቁላሏን ጥላ ስትደፍነው ነጥብ ትቀራለች፤ ለጥፍር ለስለስ ትላለች። ለስልሳ ዓመት ለቅሜያለሁ እኮ።»

«እትዬ ሐዋ» አለ ኑርልኝ ቀስ ብሎ፣ «ከነቀዙ ጋር ዘበኞቹንም ነው የለቀሟቸው። እኔ ደግሞ ዘበኞቹ ትጉ ናቸው ብዬ ጽፌያለሁ።»

«አሳንሰር ውስጥ አየሁት። ልጆቹ አነበቡልኝ። እኔን ማለትህ መስሎኝ ሸጋ ልጅ ነው ብዬ መርቄሃለሁ።»

ኑርልኝ ሊስቅ ነበር፤ ሳህኑን ሲያይ ተወው። «ቢነግሩኝ ኖሮ ምን ነበረበት?»

«ምን ብዬ? ቤቴ ነቀዝ አለ ብዬ? ባለሙያ ሴት እህሏ ነቀዘ አይባልም።»

«ባለሙያው እኮ እኔ ነኝ» አለ፣ ሳያስበው ደረቱን እየነካ።

«አንተ በጨርቅ ነው። እኔ በእጄ ነው» አሉ።

ከዚያ ሁለቱም ወደ ጎታው ዞሩ። ያለበት አርባ ኪሎ ማሽላ ነው፤ ወተት በጉንጬ የሚባለው ዓይነት። ፍሬው ለስላሳና ጣፋጭ በመሆኑ ነቀዝ ከማሽላ ሁሉ አስበልጦ ይወደዋል። በዚሁ ምክንያት በአካባቢው የሚዘራው ሰው ጠፍቷል። የእትዬ ሐዋ የወንድም ልጅ ይማም ግን ቃሉ ወረዳ ላይ እርከን አርሶ ይጠብቃል። ዝናቡ ሚያዝያ ላይ ይገባል፤ ዘሩ ደግሞ ይኸው ጎታ ውስጥ ያለው ነው፤ ሌላ የለም።

«ምድጃው ስንት ዲግሪ ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«ስልሳ አምስት። ለስድስት ሰዓት።»

«ከዚያ በኋላ ይበቅላል?»

«ይበላል» አለ ኑርልኝ። «አይበቅልም።»

እትዬ ሐዋ ቁጥሩን ቀንስልኝ አላሉትም፤ እሱም ይህን ልብ አለ።

ኑርልኝ አሥራ አንዱን ፍሬዎች እንደገና ማጉያ ሥር አደረገ። በዚህ ጊዜ ያየው የቀዳዳውን ቅርጽ አልነበረም፤ የዳሩን ቀለም ነበር። ከሰባቱ የተቦጫጨቁት የስድስቱ ዳር ወይቧል፤ ነቀዙ ከወጣ ሰንብቷል። የአራቱ ክብ ቀዳዳዎች ዳር ግን ነጭ ነው፤ የዱቄቱ ብናኝ ገና አልረገፈም። ዘበኞቹ የወጡት በዚህ ሳምንት ነው። እትዬ ሐዋ ከታከሙ በኋላ የተበተነው የመጨረሻው እርሾ ሳይለቀም ቀርቷል ማለት ነው።

ደንቡ አንድ ነገር ይፈቅዳል። አንባቢው በራሱ ፊርማ ጎታውን ለአሥር ቀን ማቆየት ይችላል። በአሥረኛው ቀን የተቦጫጨቀው ከበለጠ፣ ወይም ነቀዙ ወደ ጎረቤት ከተሻገረ፣ የፎቁ አሥራ ሁለት ጎታዎች በሙሉ ወደ ምድጃ ይሄዳሉ፤ የአንባቢውም ጨርቅ ከደረቱ ይነሳል። በአሥር ቀኑ ውስጥ ከጎታው ፍሬ ማውጣት ክልክል ነው፤ የወጣ ካለ በንባቡ ይቆጠራል።

ኑርልኝ ፈረመ።

«አሥር ቀን» አላቸው። «አንዲት ፍሬ አይነኩም። ነቀዙ ፊት ለፊትዎ ቢሄድም፣ ሰው ቢያየውም አይነኩም። በክቡ ቀዳዳ የወጡት አራቱ አሁን እንቁላል እየጣሉ ነው። እርስዎ አንድ እጭ በለቀሙ ቁጥር የእነሱን ምግብ፣ ምናልባትም የእነሱን ልጅ ነው የሚለቅሙት።»

«ልጃቸው ነቀዙን እንዴት አድርጎ ነው የሚበላው?»

«እናቲቱ በፍሬው በኩል ትነድፈዋለች። ከዚያ በኋላ አይንቀሳቀስም። እንቁላሏን አጠገቡ ትጥላለች፤ የተፈለፈለው ተጣብቆ ይመጠዋል።»

«ሞቶ?»

«በሕይወት ነው። እንዳይበላሽ።»

እትዬ ሐዋ ጎታውን አዩት። «እሷን ነው እንግዲህ ዘበኛ ያላችኋት» አሉ።

ከማግስቱ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እትዬ ሐዋ ዝቅ ያለ የእንጨት ዱካ ይዘው ወደ እህል ክፍሉ ይገባሉ። ጎታቸው ፊት ይቀመጣሉ። ሁለቱን እጆቻቸውን ጭናቸው ሥር ያደርጋሉ። እስከ ስድስት ሰዓት እንዲሁ ይቆያሉ። ለምን ቤታቸው እንደማይቀመጡ ኑርልኝ ሲጠይቃቸው፣ «ቤት ከሆንኩማ እጄ ይመጣል፤ እዚህ ግን አየዋለሁ» ሲሉ መለሱለት።

አዲሶቹ ዓይኖቻቸው ሁሉን ያያሉ። ነቀዞቹን ከነኩምቢያቸው ያያሉ። ጎረቤቶች እህል ሊቀዱ ሲገቡ ቀስ ብለው በጎታው በኩል እንደሚያልፉም ያያሉ።

«እትዬ ሐዋ» አለች ሶስና በአራተኛው ቀን፣ ፀጉሯን በውሃ ታጥባ፣ «እንግዳ በዝቶብዎታል መሰለኝ።»

«ያንቺን ቅባት ሸሽተው የመጡ ናቸው።»

«ይሳቁ እርስዎ! የእኔ በቆሎ ከጎንዎ ነው። እሱም አብሮ ሊጋገር ነው?»

«በቆሎሽ ቢጋገር ይበላል። ምን ትሆኚያለሽ?»

ሶስና የቀዳችውን ይዛ ወጣች። በቆሎዋ ለዘር አልነበረም። ሆኖም በስድስተኛው ቀን ኑርልኝ ሲመጣ በሁለቱ ጎታዎች መካከል ያለው የወንፊት መስኮት በፕላስተር ታሽጎ አገኘው።

«ማን አሸገው?» አለ፣ ማን እንዳሸገው እያወቀ።

«እኔ» አለች ሶስና ከበሩ። «ምን ይሁን ልትል ነው?»

«የእርስዎ ዘበኞች ናቸው ወደ እሳቸው የሚያልፉት። ስምንት ወር ሙሉ የእሳቸው ሲያልቁ የእርስዎ ነበሩ እየተሻገሩ የሚሞቱት። ዛሬ ገና የሚበሉት አገኙ።» ፕላስተሩን ላጠው። ተጣብቀው የሞቱ ሦስት ዘበኞች ነበሩበት። ቆጥሮ ጻፋቸው። ሶስናም ቀረብ ብላ አየቻቸው።

«እነዚህ ናቸው?» አለች። «እኔ ትልቅ ነገር ይመስሉኝ ነበር።»

በአሥረኛው ቀን ጠዋት ሦስቱም ክፍሉ ውስጥ ነበሩ። ኑርልኝ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች መቶ ፍሬ አወጣ። ደረደረ። የተበሱት አሥራ ስምንት ሆኑ። ሶስና ቁጥሩን ስትሰማ ራሷን ያዘች።

«ቆይ፣ ገና ነው» አለ።

በማጉያ አያቸው። አንዱን ወደ ግራ፣ አንዱን ወደ ቀኝ። ሲጨርስ ሁለቱንም ወገን ቆጠረ። በግራ ዘጠኝ የተቦጫጨቁ፣ በቀኝ ዘጠኝ ክብ።

«እኩል ነው» አለ። «እኩል ሲሆን አንድ የተበሳ ፍሬ ከጎታው ይጨመራል። እሱ ይወስናል።» ዘንጉን አነሳ።

«ተው፣ ቆይ» አሉ እትዬ ሐዋ።

የሻሻቸውን ጫፍ ፈቱ። ከቋጠሮው ውስጥ አንዲት የማሽላ ፍሬ አወጡና በመዳፋቸው ላይ አስቀመጧት።

«በሦስተኛው ቀን ነው» አሉ። «ዱቄቱን ላብስ ክዳኑን ከፈት አደረግኩ። እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ጥፍሬ ሲያርፍባት ነጥቧ ለሰለሰችኝ። ካወጣኋት በኋላ መመለሱም መጣሉም ጨነቀኝ።»

ኑርልኝ ዘንጉን አወረደ። ፍሬዋ አልተበሳችም። የተደፈነች ነጥብ ግን አለባት፤ በማጉያ ሲያያት አገኛት።

«እትዬ ሐዋ!» አለች ሶስና። «ማን አየዎት? ዝም ቢሉ ምን ነበረበት? ቢያንስ በዘንጉ ዕድል ነበረዎት!»

«ይሄ ልጅ ስምንት ወር ሲሳሳት እያየሁ ዝም ብያለሁ» አሉ። «ይበቃኛል። የወጣ ይቆጠራል ብሏል፤ ይቆጠር። ነቀዝ ናት፤ አውቃታለሁ። ስልሳ ዓመት ይህች ነጥብ ነቀዝ ነበረች።»

ኑርልኝ ጥቂት አሰበ። «ነጥቧ ነቀዝ እንቁላል መጣሏን ነው የምትናገረው» አለ። «ከዚያ በኋላ ማን እንደመጣበት አትናገርም።» ፍሬዋን በትንሽ ብልቃጥ አድርጎ አፉን በስስ ጨርቅ አሰረ። በቅጹ ላይ «ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ አንድ ያልተከፈተ» ብሎ ጻፈ። ደንቡ ያልተከፈተ ፍሬ እስኪከፈት ይጠበቃል ይላል። በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ ይህን ዓረፍተ ነገር የተጠቀመበት የመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ብልቃጡ በእህል ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። አንድ ቀን አለፈ። ሁለት ቀን አለፈ። የፎቁ ሰዎች እህል ሊቀዱ ሲመጡ ጎንበስ እያሉ ያዩት ጀመር። በሩ በሦስተኛው ቀን አምስት ሰው በአንድ ጊዜ ሊያስገባ ባለመቻሉ «እባክዎ ተራ ይጠብቁ» አለ፤ እንዲህ ሲል ሰምቶት የሚያውቅ አልነበረም። ይማም ከቃሉ ደውሎ ደመና መታየቱን ተናገረ። እትዬ ሐዋ «እየተነበበ ነው» አሉት። የሚነበበው ምን እንደሆነ አልገባውም።

በአራተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ ኑርልኝ የሶስናን በቆሎ እያነበበ ነበር።

«መጣ» አሉ እትዬ ሐዋ።

ዞረ። እሳቸው ከጠረጴዛው አንድ ክንድ ርቀው ተቀምጠዋል። እጆቻቸው ጭናቸው ሥር ናቸው።

ከፍሬዋ ጎን ለዓይን የማይሞላ ነጭ ብናኝ ወጥቷል። ከዚያ ጥቁር ነጥብ ታየች። ነጥቧ ሰፋች፤ ቆመች፤ እንደገና ሰፋች። ከውስጥ የሚቆረጥበት ድምፅ አይሰማም። ሶስና እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። ኑርልኝ ማጉያውን ፈልጎ ከሳህኑ ሥር አገኘው። ሲመለስ እትዬ ሐዋ መነጽራቸውን አውልቀው ነበር።

«ክብ ነው» አሉ።

«ይጠብቁ፣ በማጉያ ልየው።»

«እየው። ክብ ነው።»

አየው። ክብ ነበር። ከቀዳዳው መጀመሪያ ሁለት ክር የመሰሉ አንቴናዎች ወጡ፤ ቀጥሎ ጭንቅላት፣ ቀጥሎ ክንፍ። ዘበኛዋ በፍሬዋ ጫፍ ላይ ቆማ አንቴናዎቿን አንድ በአንድ ጠረገች። ከዚያ በብልቃጡ ውስጥ በፍጥነት መመላለስ ጀመረች፤ ፍለጋዋን ከአሁኑ ጀምራለች። የወጣችበት ፍሬ ባዶ ነበር። የነቀዙ ቆዳ ብቻ፣ ተጨማድዶ፣ በአንድ ጥግ ተጣብቋል።

ኑርልኝ በቅጹ ላይ «ዘጠኝ፣ አሥር» ብሎ ጻፈ። ጎታው ይቆያል። ብልቃጡን ወደ ጎታው አፍ ወስዶ ጨርቁን ፈታው። ዘበኛዋ በማሽላው መካከል ገብታ ጠፋች።

ሶስና አፍንጫዋን ጠረገችና «እኔ ደግሞ ጨርሼ ነበር እኮ ያዘንኩት» አለች፤ ለማን እንዳዘነች ግን አልተናገረችም።

«አሁንስ መልቀም ይቻላል?» አሉ እትዬ ሐዋ።

«ለዘር?»

«ለይማም። አሥር ኪሎ ይበቃዋል።»

«ለዘር ይቻላል።»

እጆቻቸውን ከጭናቸው ሥር አወጡ። ለአሥራ አራት ቀን እንዲህ ታፍነው የኖሩ እጆች ናቸው፤ ጣቶቻቸውን ዘርግተው አፍታቷቸው። ሰፌዳቸውን ከቤት አምጥተው ዱካው ላይ ተመቻቹ። ማሽላው እየተቀዳ ሰፌዱ ላይ ፈሰሰ። ኑርልኝ ማጉያውን በእጁ እንደያዘ ቆሞ ተመለከተ። ጣቶቻቸው አይቆሙም። ድፍኑ ፍሬ ወደ ከረጢቱ ይወርዳል፤ የተበሳውና ነጥብ ያለበት በግራ መዳፋቸው ይጠራቀማል። አንዱንም ሁለት ጊዜ አላዩትም። ከመዳፋቸው ሦስት ፍሬ ወስዶ በማጉያ መረመረ። ሦስቱም ላይ ነጥብ ነበረ። መለሰላቸው።

መዳፋቸው ሲሞላ ተነስተው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ከውጭ በኩል አራት እርግቦች ጠርዙ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። እትዬ ሐዋ መስኮቱን ከፈቱ፤ እጃቸውን አወጡ፤ እርግቦቹ ተንቀሳቀሱ።

እጃቸው እዚያው ቆየ።

«ተውኝማ፣ ዛሬ የለም» አሏቸው።

መስኮቱን ዘግተው ተመለሱ። ጎታው ጋ ሲደርሱ ወደ ሶስና ዞረው አዩ፤ ማየቷን አረጋገጡ። ከዚያ የተጠራቀመውን ነቀዝና ዘበኛ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ፣ በገዛ እጃቸው ማሽላቸው ላይ በተኑት።